ስለ እድፍና ስለ ምልክት
(አሮጌ ጠረጴዛ ሲታደስ ምን ይወገዳል? ምንስ ይቀራል?)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ያረጀውን ማደስ መልካም ነገር ነው። ፋሲካ ሲደርስ ቤቱ ይለቀለቃል፤ ለመስቀል ደጁ ይጠረጋል፤ ለዘመን መለወጫ እናቶቻችን የጓዳውን ዕቃ ሁሉ እያወጡ ያጥባሉ። ሰውም በጾም ወራት ራሱን ይመረምራል፤ ከንስሐ አባቱ ፊት ቀርቦ ያለፈውን አራግፎ በአዲስ ልብ ይነሣል። ስለዚህ “ማደስ ይገባል ወይስ አይገባም?” ብሎ የሚከራከር ሰው ያለ አይመስለኝም። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ይኸውም፦ አንድ አሮጌ ነገር ሲታደስ ከላዩ የሚነሣው ምንድን ነው? በላዩ የሚቀረውስ? ይህንን የሚወስነውስ ማን ነው? የሚለው ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በጥያቄ ሳጥናችን ውስጥ የተገኘ አንድ ወረቀት ነው። ጠያቂው ስሙን አልጻፈም። ቃሉን አሳጥሬ ሐሳቡን እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

“በዚሁ በሰበታ በእንጨት ሥራ የምተዳደር ወጣት ነኝ። በቤታችን ከአባቴ የቀረ የዋንዛ ጠረጴዛ አለ። ገጹ ጠቁሯል፤ የጧፍ ሰም፣ የቡና ስኒ ክብ፣ የቀለም ጠብታ ሞልቶበታል። በአንዱ ጥግ ላይ ታላቅ ወንድሜ ተማሪ ሳለ በምስማር ስሙን ፈልፍሎበታል። ወንድሜ በ1991 ዓ.ም. ወደ ግንባር ሄደ፤ አልተመለሰም። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ስለ ነበርሁ ስሙን እንጂ መልኩን አላውቅም። አሁን ላገባ ነውና የእጮኛዬ ቤተ ሰቦች ወደ ቤታችን ሊመጡ ነው። የማለስለሻ መኪና ተውሼ ጠረጴዛውን በግማሽ ቀን አዲስ ላደርገው ፈለግሁ። እናቴ ግን ‘እኔ ሳልሞት አይነካም’ አለችኝ። እናቴ እንጨት ታመልካለች ወይ? እርሷ ወደ ገጠር ለዝክር ስትሄድ ባድሰውስ ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?”

ጥያቄው ሲነበብ አንዳንዶቻችን ሳቅን። “የጠረጴዛ ነገር ደግሞ ለጉባኤ ይቀርባል ወይ?” ያሉም ነበሩ። ነገር ግን ደጋግሞ ላሰበው ሰው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ብዙ ቤተ ሰብ ከመኻል አዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ዕቃውን በመኪና ጭኖ መጥቷል። የቀድሞው ቤት ቀርቶ፣ ጎረቤቱ ተበትኖ፣ ከአሮጌው ኑሮ የተረፈው አንድ ቁም ሣጥንና አንድ ጠረጴዛ ብቻ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የዚህ ወንድማችን ጥያቄ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሀ/ ስለ ሥራውና ስለ መሣሪያው

ሥራውን ሳያውቁ በሥራው ላይ መፍረድ አይገባምና አስቀድመን ይህን እንመልከት።

በእጅ ሲሠራ የእንጨት ገጽ የሚስተካከለው በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ነው። የብርጭቆ ወረቀት በቁጥር ይለያል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወረቀቱ ይሻክራል። ባለ 80ው ይፍቃል፤ ባለ 120ው ያስተካክላል፤ ባለ 220ው ያለሰልሳል። አናጢው ወረቀቱን በትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልሎ የጣውላውን ጅማት እየተከተለ ያሻል። ክንዱ ሲደክም ያርፋል። ባረፈም ጊዜ ገጹን በመዳፉ ይዳስሳል፤ ምን ያህል እንደ ተነሣና ምን ያህል እንደ ቀረ ያያል። ድካሙ ራሱ ለማሰብ ጊዜ ይሰጠዋል ማለት ነው።

ባለሙያዎች ሳንደር የሚሉት የኤሌክትሪክ መኪና ግን አይደክምም። ከሥሩ ያለው ወረቀት በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ እየዞረ ይፍቃል። በክንድ ሙሉ ቀን የሚፈጀው ሥራ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ከሰበታ እስከ ዓለም ገና በመንገዱ ዳር ብንሄድ ድምፁን እንሰማዋለን። መብራት በጠፋ ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ በመጣ ጊዜ ደግሞ ተመልሶ ሳይጠፋ ለመጨረስ ይጣደፋል። በዚህ ጥድፊያ ውስጥ ገጹን በመዳፍ የሚዳስስበት ጊዜ የት ይገኛል?

መኪናው በራሱ ክፉ አይደለም። ብዙ ወጣቶች በእርሱ እንጀራ ይበላሉ። ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲይዘው ንጹሕ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል።

1ኛ/ መኪናው የሚያነሣውን መመለስ አይችልም። ቀለም ቢሳሳት ሌላ ቀለም ይቀቡበታል፤ ምስማር ቢጣመም ይነቅሉታል፤ የተፋቀ እንጨት ግን ብናኝ ሆኖ ሄዷል። አንዳንዱ ጠረጴዛ ላዩ ጥሩ እንጨት ቢመስልም ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ልባጥ ብቻ የተለጠፈበት ነው። መኪናው በዚያ ላይ ጥቂት ቢቆይ ልባጡን በስቶ ከሥር ያለውን ርካሽ እንጨት ያወጣዋል።

2ኛ/ ሁሉ ነገር መፋቅ አያሻውም። በድሮ ጊዜ ጥሩ የእንጨት ዕቃ በጎማላካ ይቀባ ነበር። ጎማላካ በሕንድና በአካባቢዋ አገሮች ከምትገኝ ትንሽ ነፍሳት የሚወጣ ሙጫ ሲሆን በአልኮል ይሟሟል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ገጽ ሲደበዝዝ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ቢታሽ እንጨቱ ሳይነካ እንደገና ሊያበራ ይችላል። የፈሰሰ ሰም ለብ ባለ ነገር ይለቃል፤ የእጅ ቅባት በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል። ብልህ አናጢ ከእርጥብ ጨርቅ ይጀምራል፤ ካልሆነለት ወደ ወረቀቱ፣ ወረቀቱ ካልበቃው ወደ መኪናው ይሄዳል። ከመኪናው የሚጀምር ሰው ግን ጨርቁ ይበቃ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር ሳያውቅ ይኖራል።

3ኛ/ ብናኙ ሰውን ይጎዳል። የእንጨት ብናኝ ለረጅም ዘመን ሲተነፍሱት ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር የተመደበ ነው። አሮጌ የዘይት ቀለም ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛም ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትን ይጎዳል። አፉንና አፍንጫውን ሳይሸፍን፣ የጎረቤት ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አሮጌ ቀለም የሚፍቅ ሰው ባልንጀራውን አስቧል አይባልም።

ለ/ የወጣቱም ሐሳብ እውነት አለበት

አንዳንድ ሰው “የድሮ ነገር አይነካ” ብሎ ይደመድማል። ይህ ስንፍናን አክብሮት ብሎ መጥራት ነው። በእድፍ የተሸፈነ ጠረጴዛ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ ምስጥና እርጥበት ይገባበታል። ያልታደሰ ዕቃ ዞሮ ዞሮ ለማገዶ ይሆናል። የአባቱን ጠረጴዛ ጥሎ አዲስ የችፑድ ጠረጴዛ ሊገዛ ሲችል፣ “ላድሰው” ያለውን ወንድማችንን ልናመሰግነው ይገባል።

እንጨቱም ቢሆን ዋጋው ትልቅ ነው። የሰበታ ሰው በስተሰሜን ቀና ቢል የወጨጫን ተራራ ያያል። በዚያ በኩል ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ለማ ሲነገር ኖሯል። አንድ ጽድ ወይም አንድ ዝግባ ለሙሉ ቁመቱ እስኪደርስ ብዙ የሰው ትውልድ ያልፋል። የአገር በቀል ዛፎቻችን ቁጥር እየተመናመነ ስለ ሄደም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ በቤታችን ያለው የዋንዛ ጣውላ ከዚያ ዘመን የተረፈ አደራ ነው። አደራን መጠበቅ ደግሞ ማጽዳትንም ይጨምራል። በዚህ በኩል እውነቱ ከወጣቱ ጋር ነው።

ታዲያ የእናቱስ ቃል ስሕተት ነውን? ይህን ለመመለስ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልገናል።

ሐ/ እድፍ ምንድን ነው? ምልክትስ?

እድፍ ማለት ማንም ሳያስበው፣ ማንንም ሳያስታውስ በአንድ ነገር ላይ የተከማቸ ባዕድ ነገር ነው። ጥቀርሻ፣ ቅባት፣ አቧራ እድፍ ነው። ቢነሣ የሚያዝን የለም፤ ጠረጴዛውም ይበልጥ ራሱን ይሆናል።

ምልክት ግን አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር በዚያ እንዳለፈ የሚናገር ነው። ምልክት ውብ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜም ጉዳት ነው፤ ጭረት፣ ስንጥቅ፣ የተቃጠለ ስፍራ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ይናገራል። ቢነሣ ጠረጴዛው ይለሰልሳል፤ ነገር ግን የሚናገረውን ያጣል።

ሁላችን የምናውቀው የመስቀል በዓል ታሪክ ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳየናል። የጌታችን መስቀል ለብዙ ዘመን የቆሻሻ ኮረብታ ተከምሮበት ኖረ። ንግሥት እሌኒ ደመራ አስደምራ፣ በዕጣኑ ጢስ ተመርታ ኮረብታውን አስቆፈረች። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረው ቁፋሮው መስከረም 17 ቀን ተጀምሮ መስቀሉ የተገኘው መጋቢት 10 ቀን ነው። ይህም ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት የቀሩት ጊዜ ነው። እነሆ፣ ቆሻሻው ሁሉ ተነሣ፤ አንዳች እንኳ “የጥንት ነውና ይቅር” የተባለለት ጥራጊ የለም። እንጨቱን ግን “ምስማር በስቶታል፣ ደም ነክቶታል፣ አላምሩት” ያለ አልነበረም። እርሱ ባይበሳ ኖሮ ማን ይፈልገው ነበር? የእሌኒ ጥበብ ቆሻሻውን ከእንጨቱ መለየቷ ነው። ይህንንም ለመለየት ወራት ሙሉ ታገሠች።

በብሉይ ኪዳንም ኢያሱ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ወጥተው በጌልገላ እንዲቆሙ አደረገ። ምክንያቱ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ተነግሯል። በኋለኛው ዘመን ልጆች ድንጋዮቹን አይተው ይጠይቃሉ፤ ወላጆችም ይመልሱላቸዋል። ድንጋዮቹ ለቤት መሥሪያ አልዋሉም፤ ሥራቸው መጠየቅ ነበረ። እንግዲህ ምልክት ማለት ልጅን የሚያስጠይቅ፣ ወላጅን የሚያናግር ነገር ነው።

መ/ ምልክትን የሚያነብ ማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሣል። አንዱ ሰው እድፍ የሚለውን ሌላው ምልክት ሊለው ይችላል። ወንድማችን ጥጉን ሲያየው የተበላሸ ጣውላ ያያል፤ እናቱ ሲያዩት ልጃቸውን ያያሉ። ጣውላው አንድ ነው፤ የተለያየው አንባቢው ነው።

በከተማችን የሚገኘውን የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ሁላችን እናውቀዋለን። በብሬል የተጻፈ መጽሐፍ ለማያነበው ሰው እንደ ሻከረ ወረቀት ነው፤ ነጥብ ነጥብ ብቻ ይታየዋል። አንድ የዋህ ሰው “ይህ ወረቀት ሸካራ ሆኗልና ላለስልሰው” ብሎ በብረት ቢዳምጠው፣ ለዓይናማው ምንም የጠፋ አይመስለውም፤ በጣቱ ለሚያነበው ግን መጽሐፉ ሁሉ ጠፋ። የብሬል ፊደል የተገኘበት ታሪክም ያስደንቃል። ሉዊ ብሬል በ1809 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ተወለደ። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ሲጫወት ወስፌ ዓይኑን ወጋው፤ ሕመሙም ወደ ሁለተኛው ዓይኑ ተዛምቶ ፈጽሞ ታወረ። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ግን በስድስት ነጥብ የሚጻፈውን ፊደል አወጣ፤ የሚጻፈውም ወስፌን በሚመስል ሹል ብረት ወረቀት እየተወጋ ነው። ያቆሰለው ዓይነት መሣሪያ በእጁ ብዕር ሆነ። እንግዲህ አንድን ነጥብ “ጉዳት ብቻ ነው” ብሎ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም።

ከራሳችን ሥርዓትም ምሳሌ አለን። ብራና የሚዘጋጀው በመፋቅ ነው። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ሥጋውና ጠጕሩ ይነሣል፤ ገጹ ይለሰልሳል። ይህ መፋቅ የተባረከ መፋቅ ነው፤ ያለ እርሱ መጽሐፍ አይጻፍምና። ነገር ግን በአሮጌ የብራና መጻሕፍት ላይ ሌላ ዓይነት መፋቅም ይታያል። መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም፣ በጸሎቱ መካከል “ለእገሌ” ተብሎ የገባው፣ ተፍቆ በላዩ የኋለኛው ባለቤት ስም ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ የተደረገ ነው። ያው ምላጭ፣ ያው ብራና፣ ያው የእጅ ሥራ ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያው መፋቅ ጽሑፍ እንዲመጣ ስፍራ ማዘጋጀቱ፣ ሁለተኛው ግን የአንድን ሰው ስም ከጸሎት ማውጣቱ ነው። ብራና እንኳ ታጋሽ ሆኖ አንዳንድ ጊዜ የተፋቀው ስም በብርሃን ሲታይ ይነበባል። ከዋንዛ ጣውላ ላይ በመኪና የተፋቀ ስም ግን በምንም ብርሃን አይመለስም።

ሠ/ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ጠያቂው ራሱ ያነሣው ነው። “ለእንጨት ይህን ያህል መሳሳት ጣዖት አምልኮ አይሆንም ወይ?” የሚል ነው። ነገሩ በእውነት ሊሆን የሚችል ነው። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ የእግዚአብሔር ማዳን መታሰቢያ ነበር፤ በኋላ ግን ሕዝቡ ዕጣን ስላጠኑለት ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው። እንግዲህ የተቀደሰ መታሰቢያም ቢሆን ሊሰበር የሚገባበት ጊዜ አለ። ነገር ግን እናትየው ለጠረጴዛው ዕጣን ያጥናሉን? ከጠረጴዛው ምሕረት ይለምናሉን? አይለምኑም። ለልጃቸው ዝክር ያወጣሉ፤ በተዝካሩ ቀን ስሙን ለካህን ይሰጣሉ። አስከሬኑ ወደ ቤት ላልተመለሰ ልጅ፣ ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር በሌለበት፣ በገዛ እጁ የጻፈው ስም ምን ማለት እንደ ሆነ እናት ያልሆነ ሰው በቀላሉ አይመዝነውም። መታሰቢያን ጣዖት የሚያደርገው በእግዚአብሔር ቦታ መቀመጡ ነው፤ እዚህ ግን ወደ ጸሎት የሚወስድ ሆኖ ነው የምናገኘው።

ሁለተኛው ተቃውሞ “ክርስቲያን አዲስ ፍጥረት ነው፤ አሮጌው አልፏል ተብሏልና ያለፈውን መደምሰስ አይሻልም ወይ?” የሚል ነው። ለዚህ ከቶማስ የተሻለ መላሽ የለም። ጌታችን ሞትን ድል አድርጎ በከበረ ሥጋ በተነሣ ጊዜ የምስማሩንና የጦሩን ምልክት አላጠፋውም። ማጥፋት ተስኖት ነውን? ሙታንን ያስነሣ ጠባሳ ማጥፋት አይሳነውም። ነገር ግን ደቀ መዛሙርቱ ያወቁት፣ ቶማስም ያመነው በዚያ ምልክት ነው። ከሁሉ የበለጠው መታደስ ትንሣኤ ሆኖ ሳለ በእርሱ ላይ የቁስል ምልክት ከቀረ፣ መታደስ ማለት ያለፈውን ሁሉ ማለስለስ ነው ልንል አንችልም። ንስሐም እንዲሁ ነው። ኃጢአቱ ይሰረያል፤ ቅዱስ ጴጥሮስ እንደ ካደ ግን በወንጌል ተጽፎ ይነበባል። የሚነበበውም ጴጥሮስን ለማሳፈር ሳይሆን የወደቀ ሁሉ እንዲነሣ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል። “ታዲያ ምልክት ሁሉ ይቀመጥ ወይ?” የሚል ነው። አይደለም። አባት ሰክሮ በመጥረቢያ የመታው ጠረጴዛ በሚገኝበት ቤት፣ ያን ስንጥቅ እያዩ ምግብ የሚበሉ ልጆች ይኖራሉ። ያ ስንጥቅ ይናገራል፤ ግን በየቀኑ የሚናገረው ፍርሃትን ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጆቹ “ይነሣልን” ቢሉ፣ ሌላ ሰው “ታሪክ ነውና ይቀመጥ” ሊላቸው ሥልጣን የለውም። ከዚህ አንድ መመሪያ ልናወጣ እንችላለን። ስለ ምልክት የመጀመሪያውን ቃል የሚናገር ቁስሉ የእርሱ የሆነ ሰው ነው። የቁስሉ ባለቤት “ይቅር” ካለ ይቀራል፤ “ይነሣ” ካለ ይነሣል። የዕቃው ባለቤትነት ለብቻው አይበቃም፤ መሣሪያ መያዝና ሙያ ማወቅም አይበቃም።

ረ/ ለጠያቂው ወንድማችን

ወንድማችን ሆይ፤ ከተባለው ሁሉ ለአንተ የምናቀርበው ምክር ይህ ነው።

እናትህ በሌሉበት አታድርገው። ምክንያቱም መመለስ የማይቻል ነገር የሚመለከተው ሰው በሌለበት አይደረግም። ሥራው መልካም እንኳ ቢሆን፣ ሰውየው ዞር እስኪል ተጠብቆ የተሠራ ደግ ሥራ የስርቆት መልክ አለው። እናትህ ከዝክር ተመልሰው በብሩህ ጠረጴዛ ፊት ሲቆሙ፣ የልጃቸውን ስም ሁለተኛ ጊዜ ያጡታል፤ ያን ጊዜ በቤት ያለው ልጃቸው እንደ ወሰደው ያውቃሉ። ይህ ለሠርግህ መልካም መሠረት አይሆንም።

ከዚህ ይልቅ አንድ ቀን ከእናትህ ጋር በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥ። “ይህ ምንድን ነው? ያኛውስ?” እያልህ ጠይቃቸው። አንዱን “ይህማ እኔ ራሴ ድስት ያወረድሁበት ነው፤ አንሣው” ይሉህ ይሆናል። ሌላውን ዝም ብለው በእጃቸው ይሸፍኑት ይሆናል። ያን ጊዜ የትኛው እድፍ፣ የትኛው ምልክት እንደ ሆነ ታውቃለህ። እድፉን በጨርቅና በአልኮል ጀምር፤ አስፈላጊ በሆነበት ስፍራ መኪናውን ተጠቀም፤ ወደ ጥጉ ስትደርስ ግን መኪናውን አጥፍተህ በእጅህ ሥራ። ቫርኒሹን በስሙ ላይ በስሱ ብታሳልፍበት ከእርጥበት ይጠብቀዋል። እናትህ አሁንም “አይነካ” ካሉ፣ ለሠርግህ ንጹሕ ጨርቅ አልብሰው። የጠረጴዛ ልብስ ያላሳፈረውን ቤት የማያሳፍሩ አማቾች ይገኛሉ።

ያች እጮኛህም አንድ ቀን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቡና ስታቀርብ ጥጉን አይታ “ይህ የማን ስም ነው?” ትላለች። በጌልገላ የልጆቹ ጥያቄ ይህ ነበረ። ያን ጊዜ የምትመልስላት ነገር ያለህ እንደ ሆነ ወደ ቤታችሁ በእውነት ገባች ማለት ነው።

ሰ/ ለወላጆቻችንም አንድ ቃል

ነገሩን በወጣቱ ላይ ብቻ ጥለን ብናልፍ ፍርዳችን ሚዛኑን ይስታል። ከደብዳቤው ውስጥ ልቤን የነካው ስለ ጠረጴዛው የተባለው አልነበረም። “ስሙን እንጂ መልኩን አላውቅም” የሚለው ነው። ከሃያ ዓመታት በላይ ይህ ወጣት በዚያ ጠረጴዛ ላይ በልቷል፤ ምናልባትም የቤት ሥራውን ሠርቶበታል። ነገር ግን የወንድሙ ነገር የተነገረው አይመስልም። ወንድሙ ምን ይወድ ነበር? ስሙን ሲፈለፍል እናቱ ተቆጥተውት ነበር ወይ? በየትኛው ቀን ሄደ? ሲሄድስ ሕፃኑን ታናሽ ወንድሙን አቅፎት ነበር ወይ? ይህን ያልሰማ ልጅ ጥጉን አይቶ ጭረት ብቻ ቢያይ ሊፈረድበት አይገባም። ፊደል ያልተማረ ሰው መጽሐፍ ይዞ አላነበብህም ተብሎ አይወቀስም።

ኀዘን አፍ እንደሚያስይዝ እናውቃለን። በአገራችን ብዙ እናቶች ልጅን አጥተው የሌሎቹ ልጆች ልብ እንዳይሰበር ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ፍቅር ነው። ነገር ግን ምልክት በራሱ ብቻውን አይቆይም፤ የሚያነበው ሲሞት ከእርሱ ጋር ይሞታል። “እኔ ሳልሞት አይነካም” ማለት እርሳቸው ካረፉ በኋላ ይነካል ማለት ነው። ያን ጊዜ መኪናውን የሚከለክለው ምን ይሆናል? የሚከለክለው በልጅ ልብ ውስጥ የተተከለ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ጠረጴዛውን ከመቆለፍ ይልቅ ታሪኩን ንገሩን። ከነገራችሁን በኋላ እኛው ራሳችን እንጠብቀዋለን፤ ጊዜው ሲደርስም የቱን እንደምናነሣና የቱን እንደምናስቀር እናውቃለን።

ማጠቃለያ

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ ጉዳይ ከአናጢው ቤት ወደ ሌላውም የሕይወታችን ክፍል የሚሄድ ነው። የምንማረው ትምህርት፣ የምናገኘው ገንዘብ፣ የምንይዘው መሣሪያ ሁሉ ከአባቶቻችን ይልቅ ፈጥነን ነገርን እንድንለውጥ ኃይል ይሰጠናል። ኃይሉ በጨመረ መጠን አስቀድሞ መጠየቅም ሊጨምር ይገባል። አያታችን ጠረጴዛ ለማበላሸት እንኳ ቀን ሙሉ መድከም ነበረበት፤ በድካሙም መካከል “ቆይ፣ ይህን ተው” የሚል ሰው ይደርስለት ነበር። እኛ ግን ተው የሚለን ሳይደርስ እንጨርሳለን። ስለዚህ መኪናውን ከማስነሣታችን በፊት መዳፋችንን በገጹ ላይ እናሳልፍ፤ ከእኛ ይልቅ የሚያነበው ሰው በቤት ውስጥ ካለም ጠርተን እናስነብበው።

እድፉን ከምልክቱ የምንለይበት ማስተዋል፣ ለይተንም የምንታገሥበት ልብ አምላካችን ያድለን። የናፈቁትን ሳያዩ ለቀሩ እናቶች መጽናናትን፣ ከቤታቸው ወጥተው ላልተመለሱትም ወንድሞቻችን ዕረፍተ ነፍስን ይስጥልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።